ለሁለተኛ ጊዜ ስለሚታከም የጕልበት ጅማት

ጕልበት ለክርስቲያን ሰው መሄጃው ብቻ ሳይሆን መስገጃውም ነው። ሕፃን በእናቱ ጐን ሆኖ መስገድን የሚለምደው ገና ፊደል ሳይቈጥር ሲሆን፥ ሽማግሌውም በመቋሚያው ተደግፎ የሌሊቱን ማሕሌት የሚያደርሰው ይኸው መገጣጠሚያ እስከ ታዘዘለት ድረስ ነው። ስለዚህም በአንድ ቤት ውስጥ የወጣት ልጅ ጕልበት በኳስ ሜዳ ተጐድቶ፥ ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት በቀዶ ሕክምና ከተጠገነ በኋላ፥ ዓመት ሁለት ዓመት ቈይቶ ያው ጅማት እንደገና በተበጠሰ ጊዜ በቤተ ሰቡ ላይ የሚወርደው ሐዘን ቀላል አይደለም። ልጁ «ከእንግዲህ አልድንም» ይላል፤ አባት ወጪውን ያስባል፤ እናት ስለት ትሳላለች፤ ጎረቤትም ወጌሻ ይጠቍማል። እኛም በዚህ ወር ስለዚሁ ስለ ሁለተኛው ሕክምና፥ ማለት በተበጠሰው ምትክ ጅማት ስፍራ ሌላ ስለ መተካትና ከዚያም በኋላ የጭንን ጡንቻ ወደ ቀድሞ ኀይሉ ስለ መመለስ፥ ሊቃውንተ ሕክምና የደረሱበትን ለቤተ ሰብ በሚገባ አነጋገር ልንጽፍ ወደድን።

የጭን አጥንትና የቅልጥም አጥንት በሚጋጠሙበት ስፍራ፥ በመገጣጠሚያው ውስጥ፥ ሁለት አጫጭር ጅማቶች አንዱ በሌላው ላይ ተላልፈው በመስቀል አምሳል ተዘርግተዋል። በላቲን ቋንቋ የተሰጣቸው ስምም ከዚሁ ከመስቀል የተወሰደ ነው። ከሁለቱ የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት የሚባለው ሥራው የቅልጥም አጥንት ወደ ፊት እንዳይንሸራተትና ያለ ልክ እንዳይጠማዘዝ መያዝ ነው። ብዙ ጊዜ የሚበጠሰውም ከሌላ ሰው ጋር በመጋጨት ሳይሆን፥ ሯጩ በድንገት ሲቆም፥ ሲዞር ወይም ዘሎ ሲያርፍ ነው። ተጫዋቹ በጕልበቱ ውስጥ አንድ ነገር ሲበጠስ ይሰማዋል፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥም ጕልበቱ ደም ቋጥሮ ያብጣል።

ይህ ጅማት በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ የሚኖር ስለ ሆነ፥ እንደ ሌላው ቍስል ደም ረግቶበት ጫፍና ጫፉን ሊያያዝ አይመቸውም። ወጌሻዎቻችን በዘመናቸው የብዙ ሰው ውልቃት መልሰዋል፤ ክብራቸውንም አንነካም። ነገር ግን በመገጣጠሚያ ውስጥ የተበጠሰን ጅማት ማሸት አይቀጥለውም፤ ያበጠውን ጕልበት ማጠማዘዝ ደግሞ ሜኒስከስ የሚባለውን፥ በሁለቱ አጥንቶች መካከል ያለውን ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ልስልስ ትራስ ይብሱን ሊጐዳው ይችላል።

የሕክምናው ታሪክ ከመቶ ዓመት አልፎታል። እ.ኤ.አ. በ1895 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በሊድስ ከተማ ሜዮ ሮብሰን የተባለ ቀዶ ሐኪም የአንድን የማዕድን ቈፋሪ ሠራተኛ መስቀለኛ ጅማቶች በክር ሰፍቶ ነበር፤ ሰውየውም ወደ ሥራው ተመልሷል። ቈይቶ ግን መስፋት ብቻ ለብዙ ሰው እንደማይበቃ ታወቀ። ሄይ ግሮቭስ የተባለው የብሪስቶል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1917 ዓ.ም. ከጭን ውጫዊ ጐን የተወሰደ ጥብቅ ሽፋን በአጥንት ቀዳዳ አሳልፎ በጅማቱ ስፍራ ተካ። እ.ኤ.አ. በ1963 ዓ.ም. ደግሞ ኬኔት ጆንስ የተባለ አሜሪካዊ ከጕልበት ሎሚ በታች ያለውን ጅማት መካከለኛ ክፍል ለዚሁ ተግባር ማዋሉን ጻፈ። በ1980ዎቹ ዓመታት ከካርቦንና ከሰው ሠራሽ ጭረት የተፈተሉ ጅማቶች ብዙ ተስፋ ተጥሎባቸው ነበር፤ ነገር ግን ብዙዎቹ በመገጣጠሚያው ውስጥ እየተፈተፈቱ ጕልበቱን ስላሳበጡት ሐኪሞች እንደገና ወደ ሰው ጅማት ተመለሱ። እግዚአብሔር የፈተለውን ፋብሪካ አልተካከለውም ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

አሁን ወደ ተነሣንበት ጕዳይ እንግባ። አንድ ጊዜ የተተካው ጅማት እንደገና ለምን ይበጠሳል? በአሜሪካ አገር 83 ቀዶ ሐኪሞች በ52 ሆስፒታሎች ተባብረው ለሁለተኛ ጊዜ የሚታከሙትን ሰዎች ብቻ መዝግበው ተከታትለዋል። የመጀመሪያዎቹን 460 ሕሙማን በመረመሩ ጊዜ ሐኪሞቹ እንደ ፈረዱት፥ ከመቶው 32 ያህሉ በአዲስ አደጋ፥ 24 ያህሉ በመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና አሠራር፥ 7 ያህሉ ምትኩ ጅማት ከአካል ጋር ሳይዋሐድ በመቅረቱ፥ 37 ያህሉም እነዚህ ምክንያቶች ተደርበው ነበር። በአሠራር ከሚመጣው ውስጥ እጅግ የበዛው፥ በጭን አጥንት ላይ የሚበሳው ቀዳዳ ከትክክለኛው ስፍራ ርቆ መገኘቱ ነው። ቀዳዳው በጥቂት ሚሊሜትር ቢዛነፍ አዲሱ ጅማት ጕልበቱ በታጠፈና በተዘረጋ ቍጥር ይለጠጣል፤ ወይም ቀጥ ብሎ ስለሚቆም መጠማዘዝን አይገታም።

ይህን የምንጽፈው የመጀመሪያው ሐኪም እንዲከሰስ አይደለም። ምክንያቱ ሳይታወቅ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና መግባት፥ ጣራው ለምን እንዳፈሰሰ ሳይመረምሩ አዲስ ቆርቆሮ እንደ መምታት ስለሆነ ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ ሐኪም አስቀድሞ ራጅና ኤም አር አይ ያስነሣል፤ የቀዳዳዎቹንም ስፍራና ስፋት በሲቲ ስካን ይለካል። የቅልጥም አጥንት ራስ ወደ ኋላ ያዘነበለበትን ልክ ይመለከታል፤ ቍልቍለቱ ከ12 ዲግሪ በላይ የሆነ እንደ ሆነ የሰውነት ክብደት ራሱ አጥንቱን ወደ ፊት እየገፋ ምትኩን ጅማት ያደክመዋልና። የቀድሞው ቀዳዳ እጅግ የሰፋ እንደ ሆነ ደግሞ ሥራው በሁለት ጊዜ ይከፈላል፤ በመጀመሪያ ከዳሌ ወይም ከሌላ ስፍራ በተወሰደ አጥንት ቀዳዳው ይሞላል፤ አጥንቱም እስኪጠነክር ጥቂት ወራት ይጠበቃል፤ ጅማቱ የሚተከለው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን መዘግየት ብዙ ቤተ ሰብ እንደ ሐኪሙ ድክመት ይቈጥረዋል። እኛ ግን «ቈይ» የሚል ሐኪም «ነገ ግባ» ከሚለው ይልቅ ሊታመን የሚገባው ብዙ ጊዜ መኖሩን እናምናለን።

እንግዲህ ምትኩ ጅማት ከወዴት ይወሰድ? ዋናው ምርጫ ይህ ነው፤ በሁለተኛው ሕክምናም ምርጫው የሚጠብበት ምክንያት በመጀመሪያው ጊዜ ከተመረጡት አንዱ አስቀድሞ ተወስዶ በማለቁ ነው።

የመጀመሪያው ምንጭ ከሎሚው በታች ያለው ጅማት ሲሆን፥ መካከሉ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ተሰንጥቆ ከላይና ከታች ቍራጭ አጥንት እንደ ተያያዘበት ይወሰዳል። አጥንት ከአጥንት ጋር ቶሎ ስለሚያያዝ ይህ እጅግ አስተማማኝ ነው፤ ብዙ የኳስ ክለብ ሐኪሞችም የሚመርጡት እርሱን ነው። ነገር ግን ለእኛ ለሰጋጆች ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለበት፤ ይኸውም ጅማቱ ከተወሰደበት በኋላ በጕልበት ፊት ላይ ሕመም የሚቀርባቸው ሰዎች መኖራቸው፥ ሕመሙም ይልቁን በሚንበረከኩበት ጊዜ የሚበረታ መሆኑ ነው። በውጭ አገር በሚጻፉት የሕክምና መጻሕፍት ይህ ጉዳይ ምንጣፍ አንጣፊዎችና ቧንቧ ሠራተኞችን እያነሣ ይነገራል። በሰሙነ ሕማማት ከጧት እስከ ማታ ለሚሰግድ ሰው ግን ከሠራተኞቹ በምንም አያንስም። ስለዚህ ሕመምተኛው ወደ ሐኪሙ በቀረበ ጊዜ «ኳስ እጫወታለሁ» ማለቱ ብቻ አይበቃም፤ «እሰግዳለሁ፥ እንበረከካለሁ» ብሎ ይንገረው። ሐኪሙ ሳይነገረው አያውቅምና።

ሁለተኛው ምንጭ የቋንጃ ጅማት ነው። ከጭን ኋላ በውስጥ በኩል ወደ ቅልጥም የሚወርዱ ሁለት ቀጫጭን ጅማቶች ተወስደው አራት እጥፍ ይታጠፋሉ። በመንበርከክ ላይ የሚያመጣው ሕመም አነስተኛ ነው፤ ይሁን እንጂ ጕልበት በብዙ ታጥፎ ተረከዝ ወደ መቀመጫ በሚቀርብበት ጊዜ ያለው ኀይል ሳይመለስ ሊቀር ይችላል፤ ከአጥንቱ ጋር ለመያያዝም ከፊተኛው ይልቅ ይዘገያል። ቋንጃ የተባለው ጡንቻ ደግሞ የቅልጥምን አጥንት ወደ ኋላ በመሳብ ለመስቀለኛው ጅማት አጋዥ ነውና፥ ከአጋዡ ቀንሶ ለታጋዡ መስጠት መሆኑ የሚያሳስባቸው ሐኪሞች አሉ።

ሦስተኛው ከሎሚው በላይ ያለው የጭን ፊት ጡንቻ ጅማት ነው። ወፍራምና ጠንካራ ሲሆን በቅርብ ዓመታት ብዙ ሐኪሞች ወደ እርሱ አዘንብለዋል፤ ይልቁንም የመጀመሪያው ሕክምና ከሎሚው በታች ወይም ከቋንጃ የወሰደ እንደ ሆነ ይህ ሳይነካ የቀረ ሀብት ነው። ለሚንበረከክም ሰው ከፊተኛው የተሻለ ነው። ዋጋው ግን የጭን ፊት ጡንቻ ለብዙ ወራት መድከሙ ነው፤ ስለዚህ ነገር ወደ ታች እንመለስበታለን። ከደኅነኛው እግር የሚወስዱም አሉ፤ ሁለቱ እግሮች በአንድ ጊዜ ሕሙማን መሆናቸውን ግን ቤተ ሰቡ አስቀድሞ ይወቀው።

አራተኛው ከሞተ ሰው ተወስዶ፥ ተመርምሮና ተጠብቆ የሚቀመጥ ጅማት ነው። ከሕመምተኛው አካል ምንም ስለማይወሰድበት ሥራው ያጥራል፤ ሕመሙም ያንሳል። ሆኖም ከላይ የጠቀስናቸው ሐኪሞች 1205 ሕሙማንን ሁለት ዓመት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. ያሳተሙት ጥናት እንደሚያስረዳው፥ ከራሳቸው አካል ጅማት የተተካላቸው ሰዎች ከሌላ ሰው ከተተካላቸው ይልቅ ጅማቱ እንደገና የመበጠሱ ዕድል 2.78 ጊዜ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ከራስ በሚወሰዱት መካከል፥ የሎሚው ይሁን የቋንጃው፥ ይህን ያህል ልዩነት አልታየም። እንግዲህ ልጁ ወጣትና ሯጭ ከሆነ፥ ቀላል ነው ተብሎ የሌላ ሰው ጅማት እንዲመረጥለት መቸኰል አይበጅም ብለን እናስባለን። ብዙ ጅማት ባንድ ጊዜ ለተጐዳበት ወይም ከራሱ የሚወሰድ ለሌለው ሰው ግን ያው ጅማት ትልቅ ረድኤት ነው።

ከዚህም ሌላ በጕልበት ውጫዊ ጐን ሁለተኛ መጠበቂያ ማበጀት አለ። ከጭን ጐን የሚወርደው ጥብቅ ሽፋን በቀጭኑ ተሰንጥቆ አጥንት ላይ ይታሰራል፤ ጕልበቱም ወደ ውስጥ እንዳይጠማዘዝ ያግዘዋል። በካናዳ ሊቃውንት መሪነት ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 25 ዓመት የሆኑ 618 ወጣቶች ተካፍለውበት እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. በታተመ ጥናት፥ የቋንጃ ጅማት ብቻ ከተተካላቸው ከመቶው 11፥ ይህ መጠበቂያ ከተጨመረላቸው ግን 4 ብቻ በሁለት ዓመት ውስጥ ተበጥሶባቸዋል። ጥናቱ የተደረገው ለመጀመሪያ ጊዜ በታከሙት ላይ ቢሆንም፥ ብዙ ሐኪሞች ለሁለተኛው ሕክምና ይበልጡን ያስፈልጋል ይላሉ።

ቀዶ ሕክምና የግድ የማያስፈልገው ሰው መኖሩን ሳንናገር አንለፍ። ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ዘወትር እንደ መጀመሪያው አያምርም። በቢሮ ለሚሠራ፥ ኳስም ለተወ፥ በሚሄድበትም ጊዜ ጕልበቱ ለማይከዳው ሰው በጡንቻ ማጠንከሪያ ብቻ መኖር የሚቻል ነገር ነው። መራመድ፥ ደረጃ መውጣት፥ በዝግታ መስገድ ቀጥ ያለ እንቅስቃሴ ስለ ሆነ ከዚህ ጅማት ብዙ አይጠይቅም። ጕልበቱ በየጊዜው እየከዳ የሚጥለው ሰው ግን ሜኒስከሱን እየፈጨው ነውና ቢታከም ይሻለዋል።

አሁን ብዙ ቤተ ሰብ ወደሚዘነጋው ክፍል እንመጣለን። ቀዶ ሕክምናው ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ይወስድ ይሆናል፤ ጡንቻውን መመለስ ግን ዓመት ይወስዳል። ገንዘቡ ሁሉ ለመጀመሪያው አልቆ ለሁለተኛው ሳይተርፍ መቅረቱ በብዙ ቤት የሚታይ ጉዳት ነው።

ጕልበት ባበጠና በቈሰለ ጊዜ የጭን ፊት ጡንቻ ይከሳል፤ ይህም ባለመንቀሳቀስ ብቻ የሚመጣ አይደለም። ከቈሰለው መገጣጠሚያ የሚወጣው መልእክት ወደ አከርካሪው ውስጥ ወዳለው ነርቭ ደርሶ ጡንቻው እንዳይታዘዝ ያግደዋል። ሕመምተኛው «እግሬን ላንሣ» ይላል፤ ጭኑ ግን እንደ ተኛ ሰው ዝም ይላል። ሁለት ጊዜ የታከመ ጕልበት ይህን መከልከል ሁለት ጊዜ ቀምሶታል፤ ከመጀመሪያው ሕክምና በኋላ ጡንቻው ሙሉ በሙሉ ሳይመለስ የቀረ ሰው ደግሞ ከታች ተነሥቶ እንደገና ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ጥሩ ሐኪም ከሁለተኛው ቀዶ ሕክምና በፊት እንኳ እብጠቱ እንዲጐድል፥ ጕልበቱ ቀጥ ብሎ እንዲዘረጋና ጭኑ እንዲጠነክር ጥቂት ሳምንታት ያሠራዋል።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ትልቁ ሥራ ጕልበቱን ፈጽሞ ቀጥ ማድረግ ነው። ከጕልበት ሥር ትራስ አድርጎ መተኛት ይመቻል፤ እናትም ለልጇ አዝና ታደርግለታለች፤ ነገር ግን ጕልበቱ ታጥፎ እንዲደርቅ ያደርገዋልና አይገባም። ትራሱ ከተረከዝ ሥር ይሁን። ጋቢ ጠቅልሎ ከጕልበቱ ሥር በማድረግ ወደ ታች መጫንና የጭንን ጡንቻ ጥቂት ጊዜ አጥብቆ መልቀቅ፥ ቀጥሎም እግርን ሳያጥፉ ከአልጋ ላይ ማንሣት በቀን ብዙ ጊዜ የሚደረግ ነው። ጡንቻው እንቢ ያለ እንደ ሆነ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው በኤሌክትሪክ ያነቃዋል። ከዚያ በኋላ በግማሽ ቍጢጥ ማለት፥ ደረጃ መውጣት፥ ባለበት የሚቆም ብስክሌት መንዳት፥ በመጨረሻም በከባድ ክብደት እያንዳንዱን እግር ለየብቻ ማሠራት ይከተላል። ክብደቱ ሳይጨምር ለወራት ያንኑ ቀላል እንቅስቃሴ መድገም ጡንቻን አይገነባም፤ በዚህ ረገድ ብዙ ሰው ሠራሁ እያለ ሳይሠራ ይቀራል።

በዚሁ ጊዜ በውስጥ ሌላ ነገር ይፈጸማል። የተተከለው ጅማት ከደም ሥሩ ተለይቶ የመጣ ስለ ሆነ በመጀመሪያ ሕይወት የለውም፤ ቀስ በቀስ አዲስ የደም ሥር ይገባበታል፤ አካሉም እንደ ራሱ ጅማት አድርጎ ያድሰዋል። በዚህ መካከል በተለይ በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር ገደማ ከተተከለበት ቀን ይልቅ ይደክማል። ክፋቱም ሕመምተኛው በዚያው ወቅት ሕመሙ ጠፍቶለት፥ ክራንቹን ጥሎ፥ ዳንሁ ብሎ የሚያስብ መሆኑ ነው።

የኖርዌይና የአሜሪካ ሊቃውንት 106 ሰዎችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. ያሳተሙት እንደሚያሳየው፥ ወደ ጨዋታ መመለስ እስከ 9ኛው ወር ድረስ በዘገየበት በእያንዳንዱ ወር የዳግመኛ ጉዳት መጠን ከመቶ 51 ያህል ይቀንስ ነበር። የጭን ፊት ጡንቻቸው ከደኅነኛው እግር ጋር የተመጣጠነላቸውም የተጐዱት ጥቂት ነበሩ። እንግዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለታከመ 9 ወር ካስፈለገ፥ ሁለተኛ የታከመው ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ቢጠብቅ አይበዛበትም። የሚለካውም በቀን ቍጥር ብቻ አይደለም፤ የታከመው ጭን ከደኅነኛው ኀይል ቢያንስ ከመቶ 90 መድረስ ይገባዋል። በዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ እንጨምራለን፤ ደኅነኛ የተባለውም እግር ባለመሮጥ ደክሞ ይሆናልና ከደካማ ጋር ተመዝኖ እኩል መሆን አያኵራም።

ጁሴፔ ሮሲ የተባለው የኢጣልያ ብሔራዊ ቡድን አጥቂ በእስፓኝ አገር በቪያሪያል ክለብ ሳለ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2011 የቀኝ ጕልበቱ መስቀለኛ ጅማት ተበጠሰበት። ታክሞ ሳለ ወደ ጨዋታ ሳይመለስ፥ ስድስት ወር ያህል ቈይቶ፥ በአፕሪል 2012 በልምምድ ላይ ያው ጅማት እንደገና ተበጠሰ። ሁለተኛ ታክሞ ብዙ ጊዜ ከጠበቀ በኋላ በፊዮሬንቲና ክለብ ተሰልፎ በኦክቶበር 2013 በዩቬንቱስ ላይ ሦስት ግብ አስቈጠረ። በጃንዋሪ 2014 ግን ያው ጕልበት ዳግመኛ ተጐዳ። ወጣቶቻችን የሦስቱን ግብ ታሪክ ሲያነቡ የቀረውንም አብረው ቢያነቡ እንወዳለን።

ስለ ምግብና ስለ ጾም ብዙ እናቶች ይጨነቃሉ። ጡንቻ የሚገነባው ከፕሮቲን ነው፤ በርትቶ ለሚሠራ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደቱ 1.6 ግራም ያህል ይመከርለታል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ይህ 96 ግራም ነው። ጥሬ ምስር በ100 ግራሙ 25 ግራም ያህል፥ ሽምብራ 20 ያህል፥ አኵሪ አተር 36 ያህል ፕሮቲን አለው፤ የጤፍ ዱቄትም 13 ያህል ይሰጣል። ስለዚህ የጾም ገበታችን ለጡንቻ የማይሆን አይደለም፤ ሽሮው ወፈር ብሎ፥ የምስሩ ወጥ በርከት ብሎ፥ አኵሪ አተርም ተጨምሮበት ይቅረብ እንጂ። ችግሩ ቀኑን ሁሉ ባዶ ሆድ ውሎ በማታ አንድ ጊዜ መብላቱ ነው። ፍትሐ ነገሥታችን ሕመም ላለበት ሰው ርኅራኄ እንዳለው የታወቀ ስለ ሆነ፥ ስለ መጀመሪያዎቹ ወራት ልጁ ከንስሐ አባቱ ጋር ይመካከር፤ በራሱ ፈቃድ ጾሙን አይሻር፥ ለይሉኝታም ብሎ ሰውነቱን አይጣል።

ስግደትም እንዲሁ ነው። ቍስሉ ሳይጠግ፥ ጕልበቱም በሙሉ ሳይታጠፍ መንበርከክ አይገባውም፤ እስከዚያው ቆሞ ራሱን ዝቅ እያደረገ ይጸልይ። በኋላም ሲጀምር በወፍራም ምንጣፍ ላይ፥ በደኅነኛው እግር ክብደቱን ይዞ፥ ጥቂት በጥቂት ይሁን። የሰሙነ ሕማማቱን ስግደት በአንድ ቀን እፈጽማለሁ የሚል ካለ ንስሐ አባቱ ራሳቸው ይከልክሉት። ከሎሚው በታች ጅማት የተወሰደበት ሰው በጠባሳው ላይ መደንዘዝና መቈርጠም ቢሰማው አይደንግጥ፤ ጕልበቱ ቢያብጥ ግን ለሐኪሙ ይንገር።

በመጨረሻ ወደ ሁለተኛው ሐኪም ሲኬድ የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ማስታወሻ በእጅ ይኑር። የትኛው ጅማት እንደ ተወሰደ፥ በምን ዓይነት ብሎን እንደ ታሰረ፥ ሜኒስከሱም ተሰፍቶ ወይም ተቈርጦ እንደ ነበረ በዚያ ተጽፎ ይገኛል፤ የድሮውን ብሎን ለማውጣት ተስማሚውን መፍቻ የሚያዘጋጀው ከዚህ ወረቀት ነውና። ወረቀቱ የሌለው ሰው ከታከመበት ሆስፒታል ጠይቆ ያስገልብጥ፤ አግኝቶም ከክርስትና ምስክር ወረቀቱ ጋር በአንድ ፖስታ ያኑረው።